የፋርዳው ቀይ ማሰሪያ

በአባባ ሲብረን ግቢ አንድ ሕግ ነበር፤ ቄሱ እሑድ እሑድ ከሚያነቧቸው ሕጎች ሁሉ ይልቅ እሱ ይከበራል ቢባል ቄሱ ራሳቸው አይከራከሩም። አንቲባዮቲክ የተሰጣት ላም የኋላ እግሯ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርላታል። ቀይ ያሰረች ላም ወተቷ ለብቻው ታልቦ ይደፋል እንጂ ወደ ትልቁ የወተት ታንክ አይገባም። የመድኃኒቱ ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ማሰሪያውን ያሰረው ሰው ራሱ አይቆርጠውም። ሌላ ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ልቡ ሲያምን "ትግባ" ይልና በቢላዋ ይቆርጠዋል። ይቺ "ትግባ" የምትባል ቃል በዚያ ግቢ እንደ ዋዛ ከአፍ አትወጣም ነበር።

አገሩ የሆላንዷ ፍሪስላንድ ነው፤ ሜዳ፣ ቦይ፣ ነፋስና ላም። እዚያ ሰው በራሱ ቢኩራራ ነውር ነው፤ በላሙ ቢኩራራ ግን ማንም አይቀየመውም። የወተት ቦቴው በመጣ ቁጥር ሹፌሩ ከየገበሬው ታንክ ናሙና ይቀዳል። የአንዲት ላም የመድኃኒት ወተት ሾልኮ ከገባ፣ ምንም ያልበደሉት የጎረቤቶች ወተት ሁሉ አብሮ ይደፋል፤ ያስደፋው ሰው ወሬም ከቦቴው ቀድሞ መንደሩን ያዳርሳል። አባባ ሲብረን ማለብ ከጀመሩ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ይህን የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለም፤ ቢኖር ኖሮ ራሳቸው ይነግሩት ነበር። ሹፌሩ "ዛሬስ ወተቱ እንዴት ነው?" ሲላቸው ግን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "እንደ ትናንቱ።" ከዚህ በላይ ማለት እዚያ አገር ጉራ ነው፤ ከዚህ በታች ማለት ደግሞ ውሸት ይሆንባቸዋል።

ፋርዳው ለዚህ ቤት ምራት ሆና ስትመጣ ላም የምታውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነበር። አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መንደሩም የመጀመሪያውን ክረምት አትዘልቅም ብሎ ፈርዶባት ነበር። ዘለቀችው። ሁለተኛውንም ዘለቀች። የትኛዋ ላም በግራ በኩል መነካት እንደማትወድ፣ የትኛዋ ሬዲዮ ካልተከፈተላት ወተቷን እንደምትይዝ ከባሏ ከዮሪት በላይ አወቀች። አባባ ሲብረን አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ለሰው ሲያወሩም ስሟን አይጠሩም፤ "የዮሪት ሚስት" ነው የሚሏት። ባለፈው መኸር ግን የቀይ ማሰሪያዎቹን ሳጥን ይዘው መጡና እጇ ላይ አስቀመጡት። "ከእንግዲህ የምታስሪው አንቺ ነሽ" አሏት፤ አለቀ። ፋርዳው "እሺ፣ አባባ" ብላ ተቀበለች፤ እሳቸው ዞር እስኪሉ ጠብቃ ጓዳ ገባችና እንደ ልጅ ዘለለች። ከዚያ ወዲህ በሕጉ ጉዳይ ከአማቷ ይልቅ እሷ ትብስ ጀመር።

በጸደይ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሪምከ ተባለች፤ የሟች አያቷ፣ የአባባ ሲብረን ሚስት፣ ስም ነው። ጠያቂው ሁሉ ሴት ልጅ ስትወለድ የሚቀርበውን፣ ሮዝና ነጭ ስኳር የተነሰነሰበትን ብስኩት እያንኮሻኮሸ ባለበት ስሙ ሲነገር አባባ ሲብረን ተነሱ። አንዲት ላም አላማረችኝም ብለው ወደ በረት ወጡ። ላሞቹ ሁሉም ደህና ነበሩ።

ማጥባቱ ለፋርዳው ሌላ ማዕረግ ሆነላት። ሪምከ ጡት የያዘችው ገና ከማሕፀን እንደወጣች ነው፤ ከዚያ በኋላ መልቀቅ አታውቅም። ጉንጯ ሞላ፣ ክርኗ ላይ እጥፋት አወጣች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛን ላይ አስቀምጣት "ምን እየመገብሻት ነው?" ብላ ቀለደች። አባባ ሲብረን ይህ ሲነገራቸው ጺማቸውን አሻሹና የዮሪት ሚስት ወተት ቅባቱ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ሌላ ሴት ብትሆን ከላም ጋር አወዳደሩኝ ብላ ታኮርፍ ይሆናል። ፋርዳው ግን ያን ቀን ሙሉ ቀና ብላ ዋለች።

እንዲህ ቀና ብላ በምትሄድበት ሰሞን ነው ነገሩ የመጣው። አንድ ጠዋት ግራ ጡቷ ላይ ጠጣር ነገር ዳሰሰች። ምሳ ሳይደርስ ቆዳው ቀላ፣ ጋለ፣ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር። ላም ብትሆን ኖሮ ገና ሲጀማምራት እንደምታገኘው እያወቀች የራሷን ማሳለፏ አናደዳት። ዮሪት በግድ መኪና ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ ገና ጫማው ጭቃ ያልለመደ ወጣት ነው። አያት፤ የጡት ብግነት ነው አላት፤ የአንቲባዮቲክ እንክብል አዘዘላት። መድኃኒቱ ለሚያጠቡ እናቶች የሚታዘዝ ነው፣ ማጥባትሽን እንዳታቆሚ፣ የታመመውንም ጡት አጥቢያት አላት። ፋርዳው ራሷን ነቀነቀች።

የነቀነቀችው ግን በጨዋነት ነው። መኪና ውስጥ የመድኃኒቱን ወረቀት አውጥታ አነበበች፤ መድኃኒቱ በጥቂቱ ወደ እናት ወተት ያልፋል ይላል። ከወረቀቱ የያዘችው ይህችን ብቻ ነው። "በጥቂቱ" ማለት ለሐኪሙ በጥቂቱ ማለት ነው፤ ለፋርዳው ግን ቦቴ ሙሉ ወተት የሚያስደፋ ነው። ሰውየው ልቡ ጥሩ ነው፣ ሊያጽናናኝ ነው ብላ አሰበች። ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ልጇን ማንሳት አልነበረም። ሳጥኑን ከፈተች፣ አንድ ቀይ ማሰሪያ መዘዘች፣ የገዛ እጇ አንጓ ላይ አሰረችው።

ዮሪት ማሰሪያውን ሲያይ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ መሳቁን ተወው። "ሐኪሙ አጥቢያት ሲልሽ እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ" አላት።

"ሐኪሙ ወተት ተመልሶበት ያውቃል?"

ዮሪት ውሃ ሊጥድ ወደ ማድቤት ሄደ። ከአባቱና ከሚስቱ መካከል የተቀመጠ ሰው ዝም ማለትን ቶሎ ይማራል።

አባባ ሲብረን ለራት ሲመጡ ማሰሪያውን አዩት። ቆም ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ከማሰሪያው ወደ ፊቷ ሄደ፣ ተመለሰ። ይህን ማድረግ ቆራጥ ልብ ይጠይቃል አሉ፤ ሁሉም እናት አታደርገውም አሉ። በማግስቱ ይህንኑ ለጎረቤት ሲናገሩም በመስኮት ሰማቻቸው። ፋርዳው ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት ልቧ በኩራት ሞላ። ሰው ሳያውቀው ስህተት ሲሠራ ከሚያጨበጭብለት የበለጠ ጠላት የለውም፤ አባባ ሲብረን ግን ይህን ከየት አውቀው።

ጭንቁ ከዚያ ጀመረ። ፋርዳው ጡቷን በማሽን ታልባለች፤ ያለበችውን ወደ ማጠቢያው ትደፋለች። ለሪምከ በጡጦ የዱቄት ወተት ተበጠበጠላት። ሪምከ ጡጦውን አንዴ ቀመሰችና እንደ ተሰደበች ሴት ፊቷን አዞረች። ሌላ ጡጦ መጣ፤ አዞረች። ዮሪት በማንኪያ ሞከረ፤ በማንኪያው ልክ ተፋችበት። ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጥም ይባላል፤ ሪምከ አልቅሳም አላገኘችም። ከእናቷ ደረት ሥር ተኝታ፣ ወተቱ እየሸተታት፣ ለእሷ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነባት። በመጨረሻ ሲደክማት ጥቂት ትውጥና ድምጿ ሰልሎ ትተኛለች።

ማሽኑም ከፋርዳው ጋር አልተስማማም። በረት ሙሉ ላም የምታልብ ሴት የራሷን ጡት ማለብ አቃታት። የታመመው ጡት እየጠጠረ ሄደ። ጤነኛው ደግሞ የሚሰጣት ወተት በየቀኑ አነሰ። ይህን ከማንም ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ ጥጃ ያልጠባት፣ በደንብ ያልታለበች ላም ወተቷን ትዘጋለች። መድኃኒቱ ገና ብዙ ይቀራል። ከመድኃኒቱ በኋላ ደግሞ በላም ሕግ የመጠበቂያ ጊዜ አለ። ያ ሁሉ እስኪያልፍ ወተቱ ይደርቃል፣ ልጅቷም ጡቱን ትረሳለች፤ ያ ከሆነ መመለሻ የለውም። ፋርዳው ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ የሚወርደውን ነጭ ነገር እያየች አለቀሰች። እንክብሉን ባቋርጠውስ የሚል ሐሳብም መጣባት፤ መድኃኒት የለም ማለት ማሰሪያ የለም ማለት ነው። እንክብሉን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች። ያን ጊዜ ዋጠችው፤ ቀጥሎ ግን እንደምትውጠው እርግጠኛ አልነበረችም።

በዚሁ መሐል አንዲት ላም ግቷ አበጠና የእንስሳት ሐኪሟ ሊስቤት ተጠራች። ሊስቤት ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከቦዩ ማዶ የሚሰማ፣ መንታ ልጆቿን እያጠባች በየበረቱ የዞረች ሴት ናት። ፋርዳው አልጋ ላይ መሆን ነበረባት፤ ግን የማሰሪያ ነገር የእሷ ሥራ ነውና ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ሊስቤት መድኃኒቱን በላሟ የግት ጫፍ በኩል በቱቦ አስገባች። ፋርዳው ጎንበስ ብላ የላሟን እግር ስታስር እጅጌዋ ወደ ላይ ተሸበሸበ።

ሊስቤት ሁለቱን ማሰሪያዎች ተራ በተራ አየች። የላሟን፣ የሴትዮዋን። ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የፋርዳውን ፊት ስታይ መለሰችው።

"አንቺን ደግሞ ማን ነው ያከመሽ?"

ፋርዳው ነገረቻት፤ እንክብሉን፣ ወረቀቱን፣ ማጠቢያውን፣ ሁሉንም። ሐኪሙ ምን እንዳለም ሳትደብቅ ነገረቻት። እንክብሉን ለመተው ማሰቧን ስትናገር ሊስቤት በእጇ አፏን የመያዝ ያህል አቋረጠቻት። ብግነቱ መግል ቢይዝ በቢላዋ ነው የሚከፈተው፤ ይህን ደግሞ በላም ያየሽው ነው፣ ለራስሽ አትመኚው አለቻት። ቀጥላ ባዶውን ቱቦ አንስታ ዓይኗ ፊት አቆመችው።

"ይህን አሁን የት ጨመርኩት?"

"ግቷ ውስጥ።"

"ወተቱ ውስጥ ነዋ፣ እህቴ። እዚያው ወተቱ መሐል። አንቺ እንክብሉን በጡትሽ ነው የዋጥሽው? በአፍሽ ነው። ሆድሽ፣ ደምሽ፣ ሁሉም የየድርሻውን ወስዶ ነው ወደ ወተትሽ የሚደርሰው። ደግሞ ታንኩን የምንጠብቀው ለምንድን ነው? ወተቱ ለስንት ሺህ የማናውቀው ሰው ስለሚሄድ ነው። የአይብ ሠሪውን እርሾ ስለሚገድልበት ነው። ይህ ሕግ ለታንክ የወጣ ሕግ ነው። ልጅሽ ታንክ አይደለችም።"

ከኋላዋ ከቤቱ የሪምከ የሰለለ ድምፅ ይሰማል።

"እኔ የላም ሐኪም ነኝ" አለች ሊስቤት ዕቃዋን እየሰበሰበች። "በሰው ጉዳይ በእኔ ቃል አትተማመኚ። ግን ሐኪምሽን አልሰማም ብለሽ ተኮፍሰሽ ከመቀመጥ ደውለሽ ጠይቂ። ጥያቄ ወተት አያደርቅም።"

ፋርዳው መድኃኒት ቤት ደወለች፤ ስልኩን ያነሳችው ፋርማሲስቷ ነች። የመድኃኒቱን ስም ነገረቻት፤ ልጅቷ በጊዜዋ መወለዷን፣ ጤነኛ መሆኗን ተጠየቀች፣ መለሰች። ሴትዮዋ በእርጋታ አስረዳቻት። ከዚህ መድኃኒት ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ትንሽ ነው። ልጅቷ ራሷ ብትታመም ከዚያ እጅግ የሚበልጥ መጠን በቀጥታ በአፏ ይሰጣታል። ስለዚህ ማጥባቱ ይቀጥል፤ ለጡቱም የሚበጀው እሱ ነው። ልጅቷን ግን ልብ ብለሽ ተከታተያት፤ ተቅማጥ ከበዛባት፣ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣ ወይም ሽፍታ ካየሽ ደውዪ። እንክብሉን እስከ መጨረሻው ጨርሺው። ሌላ መድኃኒት ሌላ ጊዜ ቢታዘዝልሽ ደግሞ የዚህኛውን ይዘሽ አትፍረጂ፣ እንደገና ጠይቂ፤ ሁሉም አንድ አይደለም አለቻት።

ስልኩን ዘግታ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። አንድ መቀስ ጠረጴዛው ላይ አለ። ዮሪት ልጅቷን እንደታቀፈ ሚስቱን ያያል፣ መቀሱን ያያል። ፋርዳው መቀሱን አልነካችም። ያሰረ አይቆርጥም። ይህን ሕግ ስትቀበል ለላም ብቻ ብላ አልተቀበለችም። አባባ ሲብረንን ጥራልኝ አለችው።

አባባ ሲብረን ቦት ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ፋርዳው እጇን ዘረጋችላቸው።

"ይቁረጡልኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ማሰሪያውን አዩ። መድኃኒቱን ጨርሰሽዋል እንዴ ብለው ጠየቁ። አልጨረስኩም አለች። ታዲያ ምን ብዬ ነው የምቆርጠው አሉ። ሐኪሙ ያለውን ነገረቻቸው፤ ሐኪሙ ልጅ ነው አሉ። ሊስቤት ያለችውን ነገረቻቸው፤ ሊስቤት የላም ናት አሉ። ፋርማሲስቷ ያለችውን ነገረቻቸው፤ ይህን ጊዜ ጺማቸውን አሻሹ፤ ቢላዋቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

"እኔ በዕድሜዬ ጊዜው ያልደረሰ ማሰሪያ ቆርጬ አላውቅም" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። የፈሩ ሰው ድምፅ ነበር። "ያቺ ልጅ የሪምከን ስም ነው የያዘችው። እጄ ተሳስቶ ቢሆንስ?"

ፋርዳው እስከዚያች ቀን ለአማቷ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

"የሕጉ ባለቤት እርስዎ ነዎት" አለች። "አከብርዎታለሁ፤ ስለማከብርዎትም ነው መቀሱ እዚያ ተቀምጦ እርስዎን ያስጠራሁት። የወተቱ ባለቤት ግን እኔ ነኝ። ልጄ ፊቴ ተርባ፣ ደህና ወተት ሳፈስ ከረምኩ፤ ያውም እየኮራሁ። በቃኝ። ካላመኑ ይደውሉና እንደፈለጉ ይጠይቁ። ጠይቀው ሲጨርሱ ግን ወይ እርስዎ ይቆርጡታል፣ ወይ ሕጉን አፍርሼ እኔ እቆርጠዋለሁ።"

አባባ ሲብረን ምራታቸውን አዲስ ላም እንደሚገዙ ሁሉ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉ።

ያቺ ፋርማሲስት በዕድሜዋ እንደዚያ ተመርምራ አታውቅ ይሆናል። አባባ ሲብረን ስንት እንደሚያልፍ ጠየቋት። መቼ እንደሚወጣ ጠየቋት። የቦቴው ሹፌር ከዚህ ወተት ናሙና ቢቀዳ መድኃኒቱ ይገኝበታል ወይ ብለው ጠየቋት፤ እሷም ሳትዋሽ ሊገኝበት ይችላል አለቻቸው። ሽማግሌው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁት፣ ፋርዳው ዓይኗን ጨፈነች። ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም ነበር። የእርስዎ ሕግ ለታንክ ትክክለኛ ሕግ ነው፣ እንዳይለውጡት አለቻቸው። ሕፃኗ ግን ይህንኑ መድኃኒት ነገ ብትታመም ሐኪሙ ለእሷው በሽሮፕ መልክ ሊያዝላት ይችላል፤ ያኔ እርስዎ ራስዎ ማንኪያውን ይዘው ያጠጧታል፤ በእናቷ ወተት የሚደርሳት የዚያ ቅንጣቱ ነው። አባባ ሲብረን ያንን ደግመሽ ንገሪኝ አሏት። ደገመችላቸው። አመስግነው ዘጉ።

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሪምከ እህህታ ብቻ ነው። ሽማግሌው ከኪሳቸው ያቺን ትንሽ ቢላዋ አወጡ፤ ለላም እንደሚያደርጉት ሁለት ጊዜ ሱሪያቸው ላይ ጠረጓት። የፋርዳውን እጅ ያዙ። በዚያ ሁሉ ዘመን እጇን ሲይዙ የመጀመሪያቸው ነበር። ስለቱን ከማሰሪያው ሥር በጥንቃቄ አሾለኩና ሳቡት፤ ቀይዋ ማሰሪያ መሬት ወደቀች።

"ትግባ" አሉ። ቃሏ እንደወትሮዋ ጠንክራ አልወጣችም፤ መሐሏ ላይ ተሰነጠቀች።

ዮሪት ልጅቷን አቀበላት። ሪምከ ለአፍታ ፊቷን አዞረች፤ ፋርዳው የረፈደ መሰላት። አንዲት የወተት ጠብታ ከንፈሯ ላይ ስታደርግላት ግን ልጅቷ ያንን ሽታ አወቀችው። አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ ዞረች፣ ያዘች፣ ሳበች። የታመመው ጡት ነበርና ፋርዳው እስከ እግር ጣቷ ድረስ አመማት። ከሕመሙ ኋላ ወተቱ መጣ። ትንሽ ነው፤ መጣ ግን። ሪምከ መዋጥ ጀመረች፤ አንዴ፣ ፋታ፣ አንዴ፤ ከዚያ ያለ ፋታ። ፋርዳው እንባዋን መጥረጊያ እጅ አልነበራትምና ተወችው።

አባባ ሲብረን የት ማየት እንዳለባቸው ጠፋባቸው። በጨዋነት ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጆሯቸው ግን አልዞረም። ደህና የምትታለብን ላም በድምፅ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጥቂት አዳመጡ፤ ጎንበስ ብለው የተቆረጠችውን ማሰሪያ አነሱ። የተቆረጠ ማሰሪያ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው። ያቺን ግን ጠቅለል አድርገው ኪሳቸው ከተቷትና በካልሲያቸው እየተሳቡ ወጡ።

ፋርዳው ሁለተኛውን ጡት ስታቀብላት የወተት ቦቴው ግቢ ውስጥ ገብቶ ቆመ። መስኮቱ ገርበብ ያለ ነው። ሹፌሩ ናሙናውን ቀድቶ እንደለመደው ጠየቀ።

"ዛሬስ ወተቱ እንዴት ነው፣ ሲብረን?"

ፋርዳው "እንደ ትናንቱ" የሚለውን ጠበቀች። አልመጣም። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማች።

"የትኛውን ነው የጠየቅከኝ?" አሉ። "የላሞቹን ነው ወይስ የልጄን?"

ሹፌሩ ግራ ገብቶት የየትኛዋ ልጅዎን አላቸው፤ እኚህ ሰው ከዮሪት ሌላ ልጅ እንደሌላቸው አገር ያውቃል።

"የፋርዳውን ነዋ" አሉ አባባ ሲብረን፤ መንደሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው። "ጻፈው ከፈለግህ። በዚህ ግቢ የሁለቱም ንጹሕ ነው።"

ፋርዳው ሳቀች፤ ስትስቅ ጡቷን አመማት፤ ሪምከም ስለተናወጠች በእጇ ያዝ አድርጋ አጠበቀች። አልለቀቀችም።